ኮታ፣ ልዩ ፈቃድ፣ ስጦታ ወይስ ውል? ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ላኪ አገር ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ሲደራደር የሚያመዛዝናቸው አራት በሮች

አንድ መቶ ሺህ የጥጥ ቲሸርት አውሮፓ ወደብ ደረሰ እንበል። የአንዱ ዋጋ ወደቡ ላይ 3 ዩሮ ነው፤ ጠቅላላው 300 ሺህ ዩሮ ይሆናል። አስመጪው ሙሉውን የ12 በመቶ ቀረጥ ከከፈለ 36 ሺህ ዩሮ ያወጣል። ላኪው አገር ለታዳጊ አገሮች በተፈቀደው ተራ ቅናሽ የሚጠቀም ከሆነ ቀረጡ ወደ 9.6 በመቶ፣ ክፍያውም ወደ 28,800 ዩሮ ይወርዳል። ላኪው እንደ ኢትዮጵያ በእድገት ወደኋላ ከቀሩ አገሮች ተርታ ከተመደበና ልብሱ የስሪት አገር ሕጉን፣ ማለትም ዕቃው የዚያ አገር ምርት ተብሎ የሚቆጠርበትን መስፈርት፣ ካሟላ ደግሞ አንድ ሳንቲም አይከፈልም። ጨርቁም፣ ስፌቱም፣ ወደቡም ያው ነው። የ36 ሺህ ዩሮውን ልዩነት ያመጣው ከዓመታት በፊት የሆነ ሰው የፈረመው፣ ወይም ሳይፈርመው የቀረ ወረቀት ነው።

የልብስ ስፌት በጣም በቀጭን ትርፍ የሚሠራ ሥራ ነው። 12 በመቶ ቀረጥ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ሙሉ ትርፍ ይበልጣል፤ ትእዛዙ ሐዋሳ ይሁን ዳካ የሚወስነውም ይኸው ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን የጻፍኩት ድርድሩን ለሚመሩ ባለሙያዎች፣ በስማቸው ለሚደራደርላቸው ፋብሪካዎችና ነገ በዚያ ወንበር ላይ ለሚቀመጡ ተማሪዎች ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ትንሽ አገር በአብዛኛው የሚጎዳው በመጠኑ ላይ ሲከራከር ውሎ፣ ጨርቁ ከየት መምጣት እንዳለበት የሚናገረውን አንቀጽና ስምምነቱ እንዴት እንደሚቋረጥ የሚናገረውን አንቀጽ ሲመሽ፣ ሲደክመው፣ በጥድፊያ ሲያልፋቸው ነው። አራቱንም በሮች የማመዛዝነው በእነዚህ በሁለቱ ሚዛን ነው።

የመጀመሪያው በር፦ በቁጥር የተወሰነ ኮታ

ኮታ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ለአርባ ዓመታት ያህል ዋናው ሕግ ነበር። በ1961 የአጭር ጊዜው የጥጥ ስምምነት መጣ፤ በ1962 የረጅም ጊዜው ተተካ። ከ1974 እስከ 1994 ደግሞ የመልቲ ፋይበር ስምምነት የሚባለው ጥጡን፣ ሱፉንና ሰው ሠራሹን አንድ ላይ ጠቅልሎ ያዘ። ሀብታሞቹ አገሮች ከእያንዳንዱ ላኪ ጋር ለየብቻ ተቀምጠው “በዓመት ከዚህ በላይ አትልክም” የሚል ውል ይዋዋሉ ነበር። በአንዱ ወገን የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ የዛሬው ኅብረት፣ እንደ አንድ ገዢ ሆኖ ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን አንድ አገር ብቻውን።

ዛሬ በዓለም ንግድ ድርጅት አባላት መካከል ያ ሥርዓት የለም። ሆኖም የኮታ አነጋገር አልሞተም፤ ከስሪት አገር ሕግ በሚሰጡ ልዩ ፈቃዶችና በመከላከያ እርምጃዎች፣ ማለትም የሚገባው ዕቃ ሲበዛ ገዢው በሚጥላቸው ገደቦች፣ ውስጥ እየተመለሰ ይመጣል። ስለዚህ የኮታ ወረቀት ማንበብ የሚያውቅ ሰው ሌሎቹንም ሦስቱን ማንበብ አይከብደውም፤ እዚህ በር ላይ ረዘም አድርጌ የምቆየውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መነሻውን ተመልከት። ኮታ ሁልጊዜ የሚለካው ባለፈ ዓመት ከተላከው መጠን ነው። የትኛው ዓመት? ድርቅ፣ ጦርነት ወይም የመብራት መቆራረጥ ያዳከመው ዓመት መነሻ ከሆነ ክፉው ዓመት ለዘለዓለም ታተመ ማለት ነው። አዲስ የተተከለ ፋብሪካ ያለፈ ታሪክ ስለሌለው በዚህ ስሌት ምንም አይደርሰውም። በዚህ ቦታ ላይ ያለው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ከተከታታይ ዓመታት የተሻሉት ይወሰዱ፣ ከዚያም በታች የማይወርድ ወለል ይቀመጥ።

ቀጥሎ ዓመታዊው ጭማሪ ነው። የመልቲ ፋይበሩ ስምምነት መደበኛው 6 በመቶ ነበር፤ በተግባር ግን “ጥንቃቄ ለሚያስፈልጋቸው” ምርቶች ከዚያ በታች ይሰጥ ነበር። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በ2 ሚሊዮን ሸሚዝ የጀመረ አገር በ6 በመቶ ጭማሪ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 3.58 ሚሊዮን ይደርሳል። በ1 በመቶ ከሆነ 2.21 ሚሊዮን ላይ ይቀራል። በመነሻው ላይ ሁለት መቶ ሺህ ሸሚዝ ለማስጨመር ሦስት ቀን የተከራከረ ቡድን ጭማሪውን ሳያየው ካለፈ ብዙ እጥፍ አጥቶ ወደ አገሩ ይመለሳል።

የምርት ምድቡም የራሱ ወጥመድ አለው። ማኅበረሰቡ ምርቶቹን ከመቶ በላይ ምድቦች ከፋፍሎ ነበር፤ ከ1 እስከ 8 ያሉት፣ ማለትም የጥጥ ክር፣ የጥጥ ጨርቅ፣ የሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ቲሸርት፣ ሹራብ፣ ሱሪ፣ የሴት ሸሚዝና የወንድ ሸሚዝ፣ እጅግ የሚጠበቁት ናቸው። ጀማሪ ፋብሪካ ግን የሚሠራው በትክክል እነዚህን ነው! ለሰላሳ ምድብ የተሰጠ ሰፊ ኮታ ለካፖርትና ለሙሉ ልብስ ከሆነ፣ ቲሸርት ለሚሰፋ አገር ምንም አይጠቅመውም። በዚያ ላይ እስከ ነጠላው ገበያ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1993፣ ኮታው ለአባል አገሮች ተሸንሽኖ ይሰጥ ነበር። የፈረንሳይ ድርሻህ ካለቀ፣ የዴንማርክ ድርሻህ ባዶ ቢቀመጥም ለፈረንሳይ ደንበኛህ መሸጥ አትችልም ነበር።

ኮታ ያልተጣለባቸው ምድቦችም ነፃ አልነበሩም። “ቅርጫት” የሚሉት ዘዴ ነበር። አንድ ምርት ከማኅበረሰቡ ጠቅላላ ግዢ የተወሰነ ድርሻ ካለፈ ከቅርጫቱ ይወጣና ለድርድር ይጠራል፤ መጨረሻውም ኮታ ነው። ስለዚህ “ይህ ምርት ነፃ ነው” የሚል ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ነፃነቱ እስከ ምን መጠን ድረስ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ሦስቱ መተንፈሻዎች ናቸው። ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ማዘዋወር፣ ያልተጠቀሙበትን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ማሻገር፣ ከሚቀጥለው ዓመት መበደር። የመልቲ ፋይበሩ ስምምነት አባሪ ለማዘዋወር 7 በመቶ፣ ለማሻገርና ለመበደር በአንድነት 10 በመቶ ይፈቅድ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ብድሩ ከ5 በመቶ አይበልጥም። ትልቅ ላኪ እነዚህን ብዙም አይሻቸውም። ሦስት ወይም አራት ፋብሪካ ላለው አገር ግን አንድ ትእዛዝ መዘግየቱ ወይም ፋሽን ከሱሪ ወደ ቀሚስ መዞሩ የዓመቱን ኮታ ያባክናል። መሐል ላይ ማስተካከያ ያለው አነስተኛ ኮታ፣ ማስተካከያ ከሌለው ትልቅ ኮታ ይሻላል ባይ ነኝ።

የላኪነት ፈቃዱን ማን እንደሚያድልም መታየት አለበት። ኮታ ሲኖር ዕቃው ገበያ ላይ ይወደዳል፤ የዋጋው ልዩነት ፈቃዱ የገባበት ኪስ ውስጥ ይገባል። በመልቲ ፋይበር ዘመን ፈቃዱን የሚሰጡት ላኪዎቹ አገሮች ስለነበሩ ያ ገንዘብ በአብዛኛው ለእነሱ ቀርቷል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ኮታ በግልጽ ይሸጥና ይገዛ ነበር። ዕደላው ግልጽ ካልሆነ ግን ፈቃዱ የሚደርሰው ልብስ ለሚሰፋው መሆኑ ይቀርና ባለሥልጣን ለሚያውቀው ይሆናል። ይህ ከብራስልስ ጋር የሚደረግ ድርድር አይደለም፤ የአገር ውስጥ ሥራ ነው፤ ሆኖም ያለ እሱ ጥሩ የተባለ ውል ሁሉ ፍሬ አያፈራም።

ባንግላዴሽ እዚህ ላይ የምትነግረን አለ። በ1979 ዴሽ የተባለው የልብስ ፋብሪካ 130 ሠራተኞቹን ኮርያ፣ ዴዉ ኩባንያ ዘንድ ልኮ አሠለጠነ። እነዚያ ሠልጣኞች ብዙዎቹ በኋላ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ። ኢንዱስትሪው ዳዴ ማለት እንደ ጀመረ፣ በ1985፣ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ኮታ ጣሉበት። ብሪታንያና ፈረንሳይ በቀጣዩ ዓመት አነሱት። ያልተነሣው ኮታ እያለም ባንግላዴሽ አደገች፤ ምክንያቱም የሆንግ ኮንግና የኮርያ ባለሀብቶች የራሳቸው ኮታ ስለሞላባቸው ያልተሞላ ኮታ ያለበትን አገር እየፈለጉ ይሄዱ ነበር። ኮታ ለትንሹ አገር በር መዝጊያ ብቻ ሳይሆን ኢንቨስተር መጥሪያም ሆኖ ያገለገለበት ጊዜ ነበር። መጥሪያው ሲነሣ ግን አንዳንዱ አብሮ ሄደ። በማልዲቭስ የነበሩት ፋብሪካዎች ተዘግተዋል፤ የኔፓልም የልብስ ወጪ ንግድ በእጅጉ ተዳክሟል።

ኮታው ያበቃበትም መንገድ የድርድር ትምህርት ነው። ከ1995 እስከ 2004 በነበረው የሽግግር ስምምነት ገዢዎቹ የገቢ መጠናቸውን በየደረጃው ነፃ ለማድረግ ቃል ገቡ። በ1995 16 በመቶ፣ በ1998 17 በመቶ፣ በ2002 18 በመቶ፣ የቀረውን 49 በመቶ በ2005 የመጀመሪያ ቀን። የትኛው ምርት በየትኛው ደረጃ እንደሚገባ የመምረጥ ሥልጣን ግን የገዢዎቹ ነበር። በመጀመሪያ ያወጡት ድሮም ኮታ ያልነበረበትን ነው፤ ሱሪና ሸሚዙ መጨረሻ ላይ ቀረ። “በመቶ ይህን ያህል” የሚል የጊዜ ሰሌዳ ከመፈረም በፊት የዕቃዎቹ ስም ዝርዝር መጠየቅ አለበት።

በዚያው ስምምነት ውስጥ ለትንንሾቹ የተጻፈ አንድ ጠቃሚ አንቀጽም ነበር። በ1991 መጨረሻ ከአንድ ገዢ አገር ጠቅላላ ኮታ 1.2 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ድርሻ የነበራቸው ላኪዎች የጭማሪ ደረጃቸው አንድ እርከን ይቀደምላቸዋል። መደበኛው 6 በመቶ ጭማሪ ለሌላው ሲያድግ 6.96 በመቶ ሲሆን ለትንሹ 7.5 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽነት በቁጥር ከተተረጎመ መብት እንደሚሆን ያሳያል። “ለትንሽ ላኪዎች ልዩ ትኩረት ይደረጋል” የሚል የክብር ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። 1.2 ያስገድዳል።

ከመልቲ ፋይበሩ ስምምነት አንድ ሌላ አንቀጽ ላንሣ፤ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ። በእጅ የተሸመነ የጎጆ ኢንዱስትሪ ጨርቅና ባህላዊ የእደ ጥበብ ልብስ፣ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ምስክር ወረቀት ካለው፣ ከኮታው ውጭ ነበር። የሽሮ ሜዳ ጥበብና የዶርዜ ጋቢ በየትኛውም ድርድር ለብቻው ሊጠየቅለት የሚገባ ዕቃ መሆኑን ይህ ይመሰክራል። ገዢው ብዙ አይፈራውም፤ ሸማኔው ግን ይኖርበታል።

በመጨረሻ የ2005ቱን የወደብ ግርግር እናስታውስ። ቻይና ትንሽ ላኪ አይደለችም፤ የደረሰባት ግን ለትንሽ ላኪ የባሰ ትምህርት ነው። ኮታው ከተነሣ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ጁን 10 ቀን 2005፣ ኅብረቱና ቻይና በአሥር የምርት ምድቦች ላይ እስከ 2007 መጨረሻ የሚቆይ ገደብ ተስማሙ። አስመጪዎች ቀድመው ያዘዙት ዕቃ ገደቡን ስላለፈ በሚሊዮን የሚቆጠር ሹራብና ሱሪ በአውሮፓ ወደቦች ተከማቸ። ሴፕቴምበር 5 ቀን ሌላ ስምምነት ተደርጎ ተለቀቀ፤ የተወሰነው ግን ከቀጣዩ ዓመት ድርሻ ተቀነሰ። ቻይና ያንን ትችላለች። አንድ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ የቀረበት ትንሽ ፋብሪካ የባንክ ብድሩን መክፈል አይችልም። “ስምምነቱ ከመጽናቱ በፊት የተጫነ ወይም የተከፈለበት ዕቃ አይነካም” የሚለውን ሐረግ የያዘ ረቂቅ ይዞ መግባት ያስፈልጋል።

ኮታን በሥራ ሁኔታ ስለ መግዛት

ይህ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተደረገ ድርድር አይደለም፤ ገዢዋ አሜሪካ ናት። ግን ሊታለፍ አይገባም። በ1999 አሜሪካና ካምቦዲያ በተፈራረሙት የጨርቃ ጨርቅ ስምምነት፣ የካምቦዲያ ፋብሪካዎች የሠራተኛ ሕግን በአመዛኙ ካከበሩ ኮታቸው በዓመት እስከ 14 በመቶ ተጨማሪ ያገኝ ነበር። ፋብሪካዎቹን የሚመረምረው የዓለም ሥራ ድርጅት ነበር። ስምምነቱ እስከ 2004 ተራዘመ። የወደድኩት ነገር አቅጣጫው ነው፤ ጥፋት ከተገኘ ቅጣት ከማለት ይልቅ፣ ልማት ከተገኘ ሽልማት ይላል።

የተገላቢጦሹ በኡዝቤኪስታን ታይቷል። ከኅብረቱ ጋር በ2011 የተፈረመውን የጨርቃ ጨርቅ ፕሮቶኮል የአውሮፓ ፓርላማ በጥጥ ለቀማ ላይ በተሰማሩ ሕፃናት ምክንያት አልቀበልም አለ፤ የፈቀደው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2016 ነው። ኅብረቱን ወክሎ ከሚደራደረው ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር እጅ ለእጅ መጨባበጥ የድርድሩ ማብቂያ እንዳይመስልህ።

ሁለተኛው በር፦ በመጠን የተገደበ ልዩ ፈቃድ

ከቀረጥ ነፃ የተባለ ሁሉ ነፃ አይሆንም፤ ዕቃው “የአገሩ” መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ኅብረቱ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ሕግ ሁለት እርከን ይጠይቅ ነበር። ልብሱ እዚያው ከተሰፋ በቂ አልነበረም፤ ጨርቁም እዚያው መሸመን ወይም መሠራት ነበረበት። ካምቦዲያ፣ ላኦስና ኔፓል የልብስ ስፌት እንጂ የሚበቃ ሽመና አልነበራቸውም። ጨርቁን ከጎረቤት እያስገቡ ይሰፉ ነበር። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከኅብረቱ ልዩ ፈቃድ አገኙ፤ ከውጭ በመጣ ጨርቅ የተሰፋ የተወሰነ መጠን ልብስ በየዓመቱ እንደ ራሳቸው ተቆጥሮ ከቀረጥ ነፃ ይገባል።

እንግዲህ ኮታው እዚህ ሌላ መልክ ያዘ። በመጀመሪያው በር ኮታ ማለት ከዚህ በላይ አትገባም ነው። በዚህኛው ግን እስከዚህ ድረስ ሕጉ ይላላልሃል፣ ከዚያ በኋላ ቀረጥ እየከፈልክ ትገባለህ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። ድካሙ ፈቃዱ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ በየጊዜው ማደስ አለበት፤ ገዢ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት እርግጠኛ ያልሆነበትን ፋብሪካ በጥርጣሬ ያያል።

ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ ኅብረቱ በእድገት ወደኋላ ለቀሩ አገሮች ሕጉን ወደ አንድ እርከን አወረደው፤ ከየትም በመጣ ጨርቅ መስፋት በቂ ሆነ። የካምቦዲያ ልብስ ወደ አውሮፓ በብዛት መጉረፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በቦሌ ለሚ ከውጭ በገባ ጨርቅ የሚሰፋው ልብስ ወደ አውሮፓ ያለ ቀረጥ የሚገባው በዚሁ አንቀጽ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቀውም፤ የቀረጥ ነፃነቱን እንጂ የስሪት አገር ሕጉን ሲያመሰግን የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው።

ታዲያ ይህ በር ዛሬ ለማን ነው? ከምድቡ ለሚመረቁ። አንድ አገር በእድገት ወደኋላ ከቀሩት ዝርዝር ሲወጣ ቀረጡ ብቻ አይመለስበትም፤ ሁለት እርከኑም ይመለስበታል። ባንግላዴሽ በኖቬምበር 2026 ከዝርዝሩ እንድትወጣ ተወስኗል፤ ኅብረቱ ከዚያ በኋላ የሦስት ዓመት ሽግግር ይሰጣል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሽመናውን ያላሳደገ ወይም ልዩ ፈቃድ ያልጠየቀ አገር በአንድ ሌሊት ብቁ ልብስ የሌለው ላኪ ሆኖ ያድራል። ፈቃዱ መጠየቅ ያለበት ፋብሪካው ገና ትእዛዝ ሲይዝ፣ ጊዜው ሳያልፍ ነው።

ሦስተኛው በር፦ ስጦታው

“ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም” የሚባለው የኅብረቱ ዕድል ከማርች 2001 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በእድገት ወደኋላ የቀሩ አገሮች ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ይልካሉ፤ በምላሹ የራሳቸውን ገበያ እንዲከፍቱ አይጠየቁም። ለላኪው የሚፈለግበት ነገር ቀላል ነው። ከ6,000 ዩሮ በታች ለሆነ ጭነት ማንኛውም ላኪ የስሪት አገር መግለጫውን በደረሰኙ ላይ መጻፍ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በኅብረቱ የላኪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለጀማሪ ይህን ያህል የሚመች በር የለም።

ችግሩ ሰጪው የፈቀደው መሆኑ ነው። ሰጪ ይነሣል። ኢትዮጵያውያን ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም። አገራችን ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ከአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ወጣች፤ ውሳኔው ሥራ ላይ ሊውል ሲቃረብ ደግሞ በሐዋሳ ትልቁ ገዢ የነበረው ኩባንያ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። የአሜሪካ መደበኛ ቀረጥ ለጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ ለሰው ሠራሹ 32 በመቶ መሆኑን ላወቀ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥራቸውን ያጡት ልጃገረዶች ግን ስለ ቀረጥ ድርድር ማንም አላማከራቸውም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እነሱን ማሰብ ነው።

አውሮፓም ያንኑ አድርጓል። ኦገስት 12 ቀን 2020 ካምቦዲያ በሰብአዊ መብት ምክንያት ከዕድሉ በከፊል ተነሣች፤ የተወሰኑ ልብሶችና ጫማዎች፣ የጉዞ ሻንጣዎችና ስኳር ቀረጥ ተመለሰባቸው። ወደ ኅብረቱ ከምትልከው አንድ አምስተኛ ያህሉ ነው። ስሪላንካ ደግሞ የተሻሻለውን ልዩ ቅናሽ በ2010 አጥታ በ2017 መልሳ አግኝታለች። ከኮታ ነፃ የሚለውም ቃል ቢሆን መከላከያ አለው፤ በጃንዋሪ 2019 በካምቦዲያና በሚያንማር ሩዝ ላይ በመጀመሪያው ዓመት በቶን 175 ዩሮ ቀረጥ ተጥሎ ነበር። ልብስ ላይ ያልደረሰው ሊደርስ ስለማይችል አይደለም።

የኅብረቱ የቅናሽ ደንብም ቢሆን በ2023 የተራዘመው እስከ 2027 መጨረሻ ብቻ ነው። ስጦታ ላይ መደራደር አይቻልም የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ቀረጡ ላይ ባይቻልም በደንቡ እድሳት ወቅት በሚደረጉ ምክክሮች ላይ የስሪት አገር ሕጉን፣ ዕድሉ ከመነሣቱ በፊት የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ርዝመትና ከመሰረዝ በፊት ፋብሪካዎች የሚሰጣቸውን ጊዜ በጽሑፍ ማንሣት ይቻላል።

አራተኛው በር፦ ውል

የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት ሁለቱም ወገኖች የሚፈርሙት ነው። ኅብረቱ ገበያውን ይከፍታል፤ አፍሪካዊው አገርም በብዙ ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን ገበያውን ይከፍታል። ሞሪሺየስ፣ ሲሼልስ፣ ማዳጋስካርና ዚምባብዌ በ2009 ፈርመው ከ2012 ጀምሮ ይሠሩበታል። ሞሪሺየስ የተማረችው ከቀድሞው የሎሜ ስምምነት ነው። በ1970 የወጪ ንግድ ዞን ሕግ አውጥታ፣ የሆንግ ኮንግ ሹራብ ሠሪዎችን ጋብዛ፣ በሎሜ በኩል ያለ ቀረጥ አውሮፓ ትገባ ነበር። የቀድሞው ዕድል ሲያበቃ በእድገት ወደኋላ የቀረች አገር ስላልነበረች ስጦታው አይደርሳትም፤ ውሉን መፈረሟ ግድ ነበር።

ኬንያም በዚያው ጠባብ መንገድ ላይ ቆማ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ እንደ አንድ ቡድን ሲደራደር ታንዛኒያ፣ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ ባይፈርሙም ስጦታው አላቸው። ኬንያ ግን የላትም። በ2014 የውሉ ቀነ ገደብ ሲያልፍ የቀረጥ ዱላው ያረፈው በኬንያ ላኪዎች ላይ ብቻ ነው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከፈሉ። በኋላ ኬንያ ብቻዋን ተደራድራ ስምምነቷ በጁላይ 2024 ጸና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እውነት ነው፤ ሆኖም ድሩ እኩል ካልተወጠረ የሚበጠሰው ጫናው ያረፈበት ክር ነው። ከጎረቤት ጋር አብሮ መደራደር የሚጠቅመው ሁሉም በመውደቁ እኩል የሚጎዱ ከሆነ ነው።

የውሉ ዋጋ ደግሞ መታወቅ አለበት። ለምሥራቅ አፍሪካው ማኅበረሰብ በተዘጋጀው ሰነድ 82.6 በመቶ የሚሆነው ከአውሮፓ የሚገባ ዕቃ እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ነፃ ይሆናል። ቀረጥ ትልቅ የመንግሥት ገቢ ለሆነበት አገር ይህ ቀላል አይደለም። በምላሹ የሚገኘው እድሜ ነው፤ ውል በአንድ ወገን ውሳኔ በቀላሉ አይነሣም፤ ስፌት ብቻ የሚጠይቀው አንድ እርከን ደንብም በውሉ ውስጥ ሊታተም ይችላል።

በስጦታና በውል መካከል ሌላም መንገድ አለ። ስሪላንካ በ2001 ከኅብረቱ ጋር ባደረገችው ልውውጥ የራሷን የጨርቃ ጨርቅ ቀረጥ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ እንደማታሳድግ ቃል ገባች፤ ኅብረቱም ሌሎቹ እስከ 2005 ሲጠብቁ ለእሷ ኮታውን ቀድሞ አነሣላት። ሙሉ ገበያ ሳይከፈት፣ በአንድ ዘርፍ ላይ ብቻ። ለትንሽ ላኪ ከሁሉ የሚያስቀናኝ ልውውጥ ይህ ነው።

ታዲያ የትኛው?

በእድገት ወደኋላ ከቀሩ አገሮች አንዷ ከሆነች፣ የራሷም በቂ ሽመና ከሌላት፣ ስጦታውን ይዛ ትቆይ። ለያዘችው ነገር ሁለተኛ ጊዜ ዋጋ መክፈል አያስፈልጋትም። ለኢትዮጵያም ዛሬ የምመክረው ይህንን ነው። ግን ስጦታውን እየተጠቀሙ ውሉን ማጥናት መጀመር አለበት፤ ከዝርዝሩ የመውጫው ቀን ሲቆረጥ መደራደር የሚጀምር አገር ሰዓት እየቆጠረበት ይፈርማል።

የመውጫ ቀኗ የታወቀ አገር ልዩ ፈቃዱን አሁኑኑ ትጠይቅ፣ ከሽግግሩ ዓመታት ጎን ለጎንም ክርና ጨርቅ ላይ ገንዘብ ታፍስስ። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነች አገር ከውል ሌላ አስተማማኝ በር የላትም፤ የእሷ ትግል መሆን ያለበት በአንድ እርከን ሕጉ፣ በመከላከያ እርምጃው የማስጠንቀቂያ ጊዜና የራሷ ጀማሪ ኢንዱስትሪዎች በሚቀመጡበት የጥበቃ ዝርዝር ላይ ነው። ቁጥር ያለበት ኮታ ከቀረበላት፣ ለምሳሌ በመከላከያ እርምጃ ፋንታ፣ ከመነሻው ይልቅ ጭማሪውንና መተንፈሻዎቹን ትምረጥ።

የትኛውም በር ቢመረጥ ብቻን አለመግባት ጥሩ ነው። ኅብረቱ አንድ ድምፅ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሁለት ነው። የራሳቸው ጨርቃ ጨርቅ ያላቸው እንደ ጣሊያንና ፖርቱጋል ያሉ አገሮች በሩ እንዲጠብ ይሻሉ፤ ትልልቅ የልብስ ሱቆች ያሏቸው እንደ ስዊድን፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድስ ያሉ ደግሞ እንዲሰፋ። በ2005 ወደቡ ላይ የተከማቸውን ልብስ ያስለቀቀው በአብዛኛው የእነዚህ አስመጪዎች ጩኸት ነው። የትንሽ አገር ደንበኛ የሆነ አንድ የስቶክሆልም ገዢ ለራሱ መንግሥት የሚጽፈው ደብዳቤ ከእኛ ኤምባሲ አሥር ማስታወሻ የበለጠ ይሰማል። ስለዚህ ልዑካኑ ከመሄዳቸው በፊት ፋብሪካዎቹ ሁለት ነገር ያዘጋጁላቸው፤ ባለፉት ዓመታት የላኩትን በምርት ምድብና በኪሎ የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ ከዚያም የአውሮፓ ገዢዎቻቸውን ስም ከነአገራቸው።